ሰውየው ከልቡ ይሁን አይሁን፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ማነው?

(ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የኮሚኒቲ አዳራሽ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አሳጥሬዋለሁ፤ ከተጠየቅኳቸው ጥያቄዎችም የተወሰኑትን መጨረሻ ላይ አስገብቻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚህ ጥሩ አየር፣ ሰው ስለ ምርጫና ስለ ኢኮኖሚ ሊሰማ አዳራሽ ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበር። አመሰግናለሁ። ጓዳ ቡና እየተቆላ ስለሆነ እንዳላስመርራችሁ እጠነቀቃለሁ።

ለማታውቁኝ፣ እኔ ታክስ ሠሪ ነኝ፤ የሰውን ዓመታዊ የታክስ ሂሳብ እየሠራሁ ነው የምኖረው። ፖለቲከኛ አይደለሁም። የኢኮኖሚ ፕሮፌሰርም አይደለሁም። ግን ከጃንዋሪ መጨረሻ እስከ ኤፕሪል አጋማሽ የታክሲና የኡበር ሹፌሩ፣ የፓርኪንግ ሠራተኛው፣ አስተናጋጇ፣ ነርሷ፣ የሬስቶራንት ባለቤቱ ሁሉ ጠረጴዛዬ ፊት ይቀመጣል። እኔ ቁጥር ሳስገባ እነሱ ያወራሉ። ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሐበሻ እስካሁን አላጋጠመኝም።

የ2024 ምርጫ ሰሞን የሰማሁትን ልንገራችሁ። ኤክስቴንሽን (የታክስ ማስገቢያ ቀን ማራዘሚያ) የጠየቁ ሰዎች የሚመጡት ኦክቶበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ምርጫው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። ሁለት ጓደኛሞች አብረው መጡ። ሁለቱም ሹፌሮች ናቸው።

«ትራምፕ ያለውን ያደርጋል። አፉ ነው መጥፎ እንጂ የሆዱን ነው የሚናገረው» አለ አንደኛው።

«የሆዱን! ቲፕ ላይ ታክስ አይኖርም ያለው የት ሄዶ ነው? ላስ ቬጋስ! አስተናጋጁ ሁሉ የሚኖርበት ከተማ። ድምፅ ፈልጎ ነዋ።»

«እሺ፣ ካማላስ? እሷም ሁለት ወር ቆይታ እዚያው ላስ ቬጋስ ሄዳ ያንኑ ደገመችው አይደል? ከልቧ ከሆነ ኋይት ሐውስ ተቀምጣ ሦስት ዓመት ተኩል ምን ትጠብቅ ነበር?»

«እሷ ምክትል ናት፣ ወንድሜ። ምክትል ምን ሥልጣን አላት?»

ቀጠሉ። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄዶ ሌላ ወረፋ የሚጠብቅ ሰው ሳይቀር ገባበት። ይሄኛው «አስመሳይ ነው» ይላል፤ ያኛው ደግሞ «አስመሳይስ እሷ!» ይላል። ሁለቱም ያላነሱት ጥያቄ ግን አንድ ነበር። ወረቀታቸው ፊቴ ተዘርግቷል። ገቢያቸው እዚያው አለ፣ ቲፑም አለ፣ የነዱት ማይልም አለ። አንዳቸውም ዞር ብለው «አንተ፣ ይሄ ነገር ሕግ ቢሆን ለእኔ ስንት ይተርፈኛል?» አላሉኝም።

እኔ ዛሬ የመጣሁት እሱን ጥያቄ ይዤ ነው።

የተወዳዳሪን ልብ መመርመር እንወዳለን። ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ነገር ይመስለኛል። እዚያ መሪን በልቡ እንመዝን የነበረው ሌላ ሚዛን በእጃችን ስላልነበረ ነው፤ በጀቱን ማን አሳየን፣ ድምፁንስ ማን ቆጠረልን? ስለዚህ «ሰውየው አገሩን ይወዳል» ወይም «ልቡ ክፉ ነው» እንላለን፣ እዚያ ላይ ያልቃል። እዚህ ግን በጀቱ ይታተማል። ማን ለየትኛው ሕግ እጁን እንዳወጣ ስሙ ተጽፎ ይቀመጣል። ይሄ ሁሉ እያለ አሁንም የሰውየውን ፊት እያየን ልቡን እንገምታለን።

በእርግጥ ፈረንጁም ከእኛ አይሻልም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2024 ፊላደልፊያ ላይ በተደረገው ዲቤት የመጀመሪያው ጥያቄ ኢኮኖሚ ነበር፤ አሜሪካኖች ከአራት ዓመት በፊት ከነበሩበት አሁን ይሻላቸዋል ብለሽ ታምኛለሽ ወይ ተብላ ካማላ ሐሪስ ተጠየቀች። አዎም አላለችም፣ አይደለምም አላለችም። ከመካከለኛ ገቢ ቤተሰብ እንደወጣች ነገረችን። ትራምፕ በበኩሉ የዋጋ ንረቱ ምናልባትም በአገሪቱ ታሪክ የከፋው ነው አለ። አልነበረም፤ በ1980 የዓመቱ አማካይ 13.5 በመቶ ነበር፣ በባይደን ጊዜ ጣሪያ የነካበት ወር፣ ጁን 2022፣ ደግሞ 9.1 በመቶ ነው። በማግስቱ ቢሮዬ የመጣው ሰው ግማሹ «አየህ፣ ሸሸች» አለኝ፣ ግማሹ «አየህ፣ ዋሸ» አለኝ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ግን ከዚያ በኋላስ?

ልብን ማወቅ ይጠቅማል እንዴ? ብዙ ሰው መልሱ ግልጽ ይመስለዋል። ቅን ሰው ከመረጥን ኑሮ ይሻሻላል፣ አስመሳይ ከመረጥን ይበላሻል። እስቲ የሆነውን እንይ።

ጂሚ ካርተርን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው፤ በ1989 ደርግንና ሻዕቢያን አትላንታ ላይ ሊያደራድር የሞከረው ሰውዬ። በ1976 ሲወዳደር ከኒክሰን ቅሌት ለወጣ ሕዝብ «መቼም አልዋሻችሁም» ብሎ ነው የተመረጠው። ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች መካከል ቅን ማነው ተብሎ ቢጠየቅ ብዙ ሰው፣ ያልመረጠውም ጭምር፣ ስሙን ይጠራል።

ታዲያ ምን ሆነ? ነዳጅ ናረ። ቤንዚን ማደያ ሰልፍ ተያዘ። ጁላይ 15 ቀን 1979 ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ ለሕዝቡ የማይጣፍጥ ነገር ነገረው፤ በራስ መተማመናችን ተናግቷል፣ የምናመልከውም ዕቃ መሸመትን ሆኗል አለ። መጀመሪያ ሰው ወደደለት። ሁለት ቀን ሳይቆይ የካቢኔ ሚኒስትሮቹን በሙሉ ሥራ መልቀቂያ አስገቡ ሲል ግን አገሩ ግራ ተጋባ። በዚያው ወር ፖል ቮልከር የሚባል ሰው የፌዴራል ሪዘርቩ (የአገሪቱ ማዕከላዊ ባንክ) ሊቀመንበር እንዲሆን አጨ። ቮልከር ደግሞ የዋጋ ንረትን ለመስበር ወለድን ሰቅሎ ሰቅሎ 20 በመቶ አደረሰው። ቤት መግዛት ቀረ። ፋብሪካ ሠራተኛ ቀነሰ። ካርተር ምርጫ እየመጣበት እያየ ይሄን ሰው አላባረረውም።

ምርጫው ሳምንት ሲቀረው ክሊቭላንድ ላይ ሮናልድ ሬገን ሕዝቡን አንድ ነገር ጠየቀ፤ ከአራት ዓመት በፊት ከነበራችሁበት ዛሬ ይሻላችኋል ወይ አለ። ያኔ የተጠየቀ ጥያቄ ነው እንግዲህ ፊላደልፊያ ላይም የመጣው። ሬገን 44 ስቴት ወሰደ። መድኃኒቱም ሠራ፤ በ1983 የዋጋ ንረቱ ወደ 3 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ምስጋናውን ማን ወሰደ? ሬገን ነዋ። እሱም ቢሆን በሚለው ነገር ከልቡ ያምን ነበር ብዬ ነው የማስበው፤ በጀቱን አስተካክላለሁ ያለውንም ጭምር። ሥልጣን ሲለቅ ግን የመንግሥት ዕዳ ሲገባ ከነበረው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነበር የቀረው።

ቅኑ ሰው ተሸነፈ፤ የሾመው ሰው ሥራ ደግሞ ለሌላ አፈራ። ይሄን ይዛችሁ ቃሉን ወዳጠፈው እንሂድ።

አባትየው ጆርጅ ቡሽ በ1988 ኒው ኦርሊንስ ላይ «ከንፈሬን አንብቡ፤ አዲስ ታክስ የለም» አለ። ሁለት ዓመት ቆይቶ የበጀት ጉድለቱ ሲያስፈራው ከዴሞክራቶቹ ጋር ተስማምቶ ታክስ ጨመረ። ከፍተኛው ተመን ከ28 ወደ 31 በመቶ ወጣ። የገዛ ፓርቲው ሰዎች «ከሐዲ» አሉት። በ1992 ሲወዳደር ኢኮኖሚው ካሽቆለቆለበት መመለስ ከጀመረ ዓመት አልፎታል፤ ግን ሥራ አጡ ገና አልቀነሰም፣ እንዲያውም ያን ዓመት ጁን ላይ 7.8 በመቶ ደርሶ ነበር። የተባረረ ሰው ግራፍ አይቶ አይጽናናም።

ኦክቶበር 15 ቀን 1992። ቦታው እዚሁ ጎረቤታችን ሪችመንድ ነው። ሕዝቡ ራሱ የሚጠይቅበት ዲቤት። አንዲት ሴት ተነስታ የአገሪቱ ዕዳ እናንተን በግላችሁ እንዴት ነክቷችኋል፣ ራሳችሁን ካልነካችሁስ ለእኛ እንዴት መፍትሔ ታመጣላችሁ ብላ ጠየቀች። ቡሽ እጁ ላይ ያለውን ሰዓት ሲያይ ካሜራ ያዘው። ጥያቄውም አልገባው አለ፤ ወለድ፣ የልጅ ልጆቼ ምናምን አለ። ቢል ክሊንተን ተነስቶ ወደ ሴትየዋ ተራመደ። ዓይኗን እያየ፣ እሱ በሚያስተዳድራት ትንሽ ስቴት ሰው ሥራ ሲያጣ፣ ፋብሪካ ሲዘጋ በስም እንደሚያውቃቸው ነገራት። ያንን ምሽት ያየ ሁሉ ማን ከልቡ እንደሆነ አልተጠራጠረም።

ክሊንተን በ43 በመቶ ድምፅ አሸነፈ፤ ሦስተኛው ተወዳዳሪ ሮስ ፔሮ ወደ 19 በመቶ ወስዶ ስለነበር ያ ይበቃ ነበር። ከዚያስ? ለመካከለኛ ገቢ ሰው ታክስ እቀንሳለሁ ያለውን ቃል ገና ዓመቱ ሳይዞር ተወው። በቦታው በ1993 ታክስ ጨመረ። ዋናው ባለ ሀብቱ ላይ ነው፣ ግን ቤንዚን ላይም በጋሎን 4.3 ሳንቲም ጨመረ፤ ያኔ ዲሲ ታክሲ ትነዱ የነበራችሁ ከኪሳችሁ ከፍላችኋል። ሕጉ ታች ምክር ቤት 218 ለ216 አለፈ። ሴኔት ላይ እኩል ለእኩል ሆነና ምክትል ፕሬዚዳንቱ አል ጎር ድምፅ ሰጥቶ 51 ለ50 አሳለፈው። በ1998 አገሪቱ ከ1969 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትርፍ በጀት አየች። ሥራ ሞላ። ክሊንተን ብቻውን አላደረገውም፤ ኢንተርኔት የሚባል ነገር የመጣበት ጊዜ ነው፣ ቡሽ ተሰድቦበት የፈረመው የ1990ው ስምምነትም ድርሻ ነበረው። ሁለቱም ግን ለመራጩ ከነገሩት የተለየ ነገር ነው ያደረጉት። አገሩም አልተጎዳም።

ስለዚህ ውሸት ጥሩ ነው ልል አይደለም። እግዜር ያውቃል። እኔ የምለው፣ ቅንነቱን ባውቅ እንኳ ነገ የዕንቁላል ዋጋ ስንት እንደሚሆን አላውቅም።

ዕንቁላል ካነሳሁ አይቀር። ይሄ «ኢንፍሌሽን ወርዷል» የሚሉት ነገር ብዙ ሰው አጣልቷል። በ2024 መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ3 በመቶ በታች ነበር። እውነት ነው። ግሮሰሪ ገብታ የወጣችው እናት ደግሞ «ውሸታሞች!» ትላለች። እሷም እውነቷን ነው። ሹፌሮች በቶሎ ይገባችኋል፤ 90 ማይል የሚበር መኪና ወደ 30 ቀነሰ ማለት ወደ ኋላ ተመለሰ ማለት አይደለም። ወደፊት እየሄደ ነው፣ ቀስ አለ እንጂ። በ2024 የግሮሰሪ ዋጋ ከኮሮና በፊት ከነበረው ሩብ ያህል ጨምሮ እዚያው ነው የቆመው። አንድ ደርዘን ዕንቁላል በጃንዋሪ 2020 በአማካይ 1.46 ዶላር ነበር። በጃንዋሪ 2023 ወፍ በሽታ ገብቶ 4.82 ገባ። ትራምፕ ከገባ በኋላ፣ ማርች 2025 ላይ፣ 6.23 ደረሰ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዋጋ አወርዳለሁ ብሎ ነበር። ዋሸ? ዶሮዎቹ እኮ የታመሙት እሱ ከመግባቱ በፊት ነው። የ4.82ቱም ጥፋት የባይደን አልነበረም። ሁለቱንም ስንሰድብ የከረምነው በዶሮ በሽታ ነው።

አገር ቤትም ይኸው ነው። ጁላይ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ ጥቂት ሳምንት ውስጥ 100 አለፈ። እዚህ ያለነው «ደግ ሆነ፣ የምልከው በረከተ» አልን። እዚያ ያለው ደግሞ የዋጋ ንረት ቀነሰ የሚለውን ዜና እየሰማ ዘይት ሊገዛ ይሄዳል። ስልክ ላይ «ቀነሰ አሉ አይደል?» ስትሉ የሚመልሱላችሁን ታውቁታላችሁ።

የቤት ነገር ይባስ። በ2021 ሞርጌጅ ከ3 በመቶ በታች ይገኝ ነበር። ኦክቶበር 2023 ላይ 8 በመቶ ሊነካ ደረሰ። 400,000 ዶላር የተበደረ ሰው በ3 በመቶ በወር 1,686 ዶላር ይከፍላል፤ በ7 በመቶ 2,661። ያው ቤት ነው። ያው ግድግዳ። በወር ወደ አንድ ሺ ዶላር ልዩነት፣ ያውም ታክሱና ኢንሹራንሱ ሳይገባ። ወለዱን የሰቀለው ፌዴራል ሪዘርቭ ነው፤ የዋጋ ንረትን ለማብረድ። ካማላ ለመጀመሪያ ቤት ገዢ 25,000 ዶላር ቅድሚያ ክፍያ እረዳለሁ ስትል ግማሹ ሰው «ከልቧ ነው» አለ፣ ግማሹ «ድምፅ ልትገዛ ነው» አለ። ያንን ገንዘብ ኮንግረስ ካልፈቀደ አንድ ዶላር ማውጣት እንደማትችል የተናገረ ሰው ቢሮዬ አልመጣም።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። ፕሬዚዳንት ብቻውን የሚያደርገው ነገር አለ፣ ለምኖ የሚያስደርገው አለ፣ ጨርሶ የማይነካው አለ። ከልቡ መሆኑ የሚጠቅመን መጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። ታሪፍ ለምሳሌ፤ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ የሚጣለው ቀረጥ። ትራምፕ ታሪፍ እጥላለሁ ሲል ቀልድ የመሰላቸው ነበሩ፤ በ2018 ብረት ላይ 25 በመቶ ጥሎ አይተውት እንኳ። ኤፕሪል 2025 ላይ ከሁሉም አገር ማለት ይቻላል በሚገባ ዕቃ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ጣለ። የኛ ቡናም አልቀረለት። እዚህ አገር ቡና በየጓሮው አይበቅል፣ ማንን ከማን ለመጠበቅ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም። ያን ዓመት ኖቬምበር ላይ የምግብ ዋጋ ሰውን ሲያስቆጣ ቡናን ከዝርዝሩ አወጡት። ያኔ ለመጣልም ለማንሳትም ፊርማ በቃው። እንዲህ ያለውን ነገር ተወዳዳሪ ሲናገር ቃል በቃል ስሙት፤ የሆዱ ይሁን የአፉ አትጨነቁ፣ መቻሉን ብቻ እዩ።

ዋጋ አወርዳለሁ የሚለው ግን ማንም ቢሆን የማይችለው ነው። የሁሉ ዕቃ ዋጋ አንድ ላይ የሚወርደው ሰው ሥራ ሲያጣና መግዛት ሲያቆም ነው። ያንን አትመኙ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ፤ ቲፕ። ትራምፕ በጁን 2024 ቃል የገባው ነገር ሕግ ሆነ። ጁላይ 4 ቀን 2025 ተፈረመ። ታች ምክር ቤት 218 ለ214፤ ሴኔት 51 ለ50፣ እንደገና በምክትል ፕሬዚዳንቱ ድምፅ። ስለዚህ «ያለውን ያደርጋል» ያለው ወዳጄ አሸነፈ ማለት ነው? ቆይ።

ሕጉ የሚለው ቲፕ ላይ ታክስ የለም አይደለም። በዓመት እስከ 25,000 ዶላር ቲፕ ከገቢ ታክስህ ሂሳብ ላይ መቀነስ ትችላለህ ነው። ከ2025 እስከ 2028 ብቻ። ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር (የጡረታና የአዛውንት ሕክምና መዋጮ) እንደበፊቱ ይቆረጣል። የስቴት ታክስ የራሱ ሕግ አለው። ስድስት ሰባት ሰው ሆናችሁ ሬስቶራንት ስትሄዱ ሂሳቡ ላይ አብሮ የሚመጣው 18 በመቶ ደግሞ በዚህ አይቆጠርም፤ ደንበኛው በፈቃዱ የሰጠው መሆን አለበት። ባለ ሬስቶራንቶች እዚህ ካላችሁ ይሄን ልጆቻችሁን ንገሯቸው፣ ከእኔ ጋር የሚጣሉት እነሱ ናቸው።

ላጤ አስተናጋጅ እንውሰድ። ቁጥሩ ለምሳሌ ነው። በዓመት 40,000 ዶላር ያገኛል፤ ከሱ ውስጥ 15,000 ቲፕ ነው። በ2025 ላጤ የሚፈቀድለት መደበኛ ቅናሽ (የገቢ ታክስ የማይከፈልበት የገቢ ክፍል) 15,750 ነው። የቲፑ ቅናሽ ባይኖር የፌዴራል ገቢ ታክሱ ወደ 2,671 ዶላር ይሆን ነበር። ቅናሹ ሲገባ 925 ይሆናል። ወደ 1,746 ዶላር ተረፈው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፣ የወር ቤት ኪራይ ነው። በዚያው ቲፕ ላይ ግን ለሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 1,147 ዶላር ከፍሏል። «ታክስ የለም አላሉም እንዴ?» ብሎ የመጣ ልጅ ደብሊው ቱውን (አሠሪው የሚሰጠውን የዓመት ደመወዝና ተቆራጭ ወረቀት) ገልጬ ሳሳየው ፊቱ ተለዋወጠ።

አሁን ሹፌሩን እንውሰድ። ባለትዳር፣ ሚስቱ ሁለት ልጆች ይዛ ቤት ናት። ኡበር የሚወስደውን አውጥተን 62,000 ዶላር ሠራ፣ 6,000 ቲፕ አገኘ። 45,000 ማይል ነድቷል። በ2025 ለአንድ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነስለታል፤ 31,500 ዶላር ወጪ። የቀረው 36,500 ነው። የግል ሥራ ታክሱ ግማሽና የባለትዳር መደበኛ ቅናሽ 31,500 ሲነሱ ታክስ የሚከፈልበት ገቢ ከሁለት ሺ ዶላር ብዙም አይበልጥም፤ የሱንም ታክስ የልጆቹ ክሬዲት (ከታክሱ ላይ በቀጥታ የሚነሳው) ይውጠዋል። ከቲፕ ሕጉ ያገኘው ስንት ነው? ዜሮ። ድሮም የገቢ ታክስ አልነበረበትም። እሱን የሚያስጨንቀው ከ5,000 ዶላር በላይ የሆነው የግል ሥራ ታክስ ነው፤ ሶሻል ሴኩሪቲውና ሜዲኬሩ፣ የሠራተኛውም የአሠሪውም ድርሻ። እሱን ማንም አልነካውም። ሊነካውም ቃል የገባ የለም፤ ትራምፕም፣ ካማላም።

ልጇን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ በዓመት 24,000 የምታገኝ አስተናጋጅም እንደዚሁ ናት። ዝቅ ያለው ገቢ ላይ ያለው ምንም አላገኘም፣ መሀል ላይ ያለው ላጤ አገኘ።

እነዚያ ሁለት ጓደኛሞች ኦክቶበር ላይ ግማሽ ሰዓት የተጯጯሁት በዚህ ነው። አንደኛው ከሞላ ጎደል እንደዚህ ያለ ሹፌር ነው፣ ሌላኛው ላጤ ነው። የሚገርመው፣ ሕጉን የተከላከለው ምንም ያላገኘው ነው። የተሳደበው ደግሞ ጥቂት መቶ ዶላር ተመለሰለት። ሁለቱም ሐሳባቸውን አልቀየሩም!

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ጥያቄ እንሄዳለን። በ2020 የኮሮና ጊዜ የ1,200 ዶላር ቼክ ስትቀበሉ በወረቀት የመጣላችሁ ሰዎች የዶናልድ ትራምፕ ስም ታትሞበት አይታችኋል። ያንን ገንዘብ የፈቀደው ኮንግረስ ነው፤ ሁለቱም ፓርቲ። ማርች 2021 ላይ የ1,400 ዶላሩ ሲመጣ ባይደን ስሜ አይታተም አለ። በትሕትና ነው? በፖለቲካ የዋህነት? እኔ እንጃ። ዛሬም ድረስ ግን «ገንዘብ የሰጠን ትራምፕ ነው» የሚል ሰው ይመጣል። ትልቁን ቼክ የሰጠው ሌላኛው መሆኑን ስነግረው «እሱማ ኢንፍሌሽን አመጣብን» ይለኛል። በነገራችን ላይ ይሄኛው ባዶ ወሬ አይደለም። ያ ሁሉ ገንዘብ ዋጋ ላይ የራሱን ጫና አድርጓል የሚሉ የኢኮኖሚ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ የተቋረጠው የዕቃ ጭነትና የዩክሬን ጦርነት ሳይረሳ። ግን ከሆነ የሁለቱም ቼክ ነው፣ የአንዱ ብቻ አይደለም።

ጥያቄ።

አንድ ወንድሜ «ታዲያ ባሕርይ አይታይም ልትለን ነው? ሌባ ቢሆንም እንምረጥ?» አለኝ። አላልኩም። ሌባን ለማወቅ የፍርድ ቤት መዝገብ አለ፣ የንግድ ታሪክ አለ፣ አብረውት የሠሩ ሰዎች አሉ፤ ያንን እዩ። እኔ የምቃወመው ቴሌቪዥን ላይ ፈገግታውን አይቶ መፍረድን ነው። ጎበዝ ተዋናይ ሁሉ ከልቡ ይመስላል፤ ዓይን አፋሩ ደግሞ የሚዋሽ ይመስላል።

አንዲት እህቴ ደግሞ «ተወዳዳሪዎች እዚህ አዳራሽ ሲመጡ እንጀራ በልተው፣ ፎቶ ተነስተው ይሄዳሉ። ምን ብለን እንያዛቸው?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያን ትወዳለህ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፤ ይወዳል፣ ያውም ጥብሱን በልቶ ሳይጨርስ! ቃል የገባህልን ነገር በፊርማህ ነው ወይስ በኮንግረስ የሚሆነው በሉት። በኮንግረስ ከሆነ ሴኔት ላይ ድምፁን ከየት ታመጣለህ? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? በዓመት 36,000 የሚያገኝ ባለትዳር ሹፌር ስንት ያገኛል? የመጨረሻው ላይ ይንተባተባሉ። አብሯቸው የመጣው ወጣት ማስታወሻ ደብተር ያወጣል። አድራሻውን ተቀበሉት፣ በሳምንቱ ደውሉለት። ሦስት አራት ሰው ከደወለ መልስ ይመጣል፣ አይቻለሁ።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ እናት «ልጄ፣ እኔ ሰባ ሁለት ዓመቴ ነው። ሶሻል ሴኩሪቲ ላይ ታክስ ቀርቷል ብለውኛል። እውነት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እማማ፣ አልቀረም። ያ ቃል እንደተነገረው ሕግ አልሆነም። በምትኩ 65 ዓመት ለሞላው ሰው 6,000 ዶላር ተጨማሪ ቅናሽ ገብቷል፤ ገቢዎ በዓመት ከ75,000 በታች ከሆነ ሙሉውን ያገኛሉ። ሶሻል ሴኩሪቲ ብቻ ከሆነ ገቢዎ ግን ድሮም ታክስ አልነበረብዎትም፤ ስለዚህ አዲስ የሚመጣልዎት ነገር የለም። «ታዲያ ለምን ቀርቷል አሉኝ?» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። እኔ መልስ አልነበረኝም።

የመጨረሻው ጥያቄ ይሄ ቅናሽ እስከ መቼ ነው የሚል ነበር። የቲፑም የእማማም ቅናሽ በ2028 መጨረሻ ያበቃል። የሚቀጥለው ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ነው። ያን በጋ ሁለቱም ተወዳዳሪዎች ላስ ቬጋስ ሄደው እናራዝመዋለን ማለታቸው አይቀርም፤ እናንተም ልባቸውን ስትመረምሩ አገኛችሁ ይሆናል። የዚያን ዓመት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ኑ፣ ማራዘሙ ለእናንተ ስንት እንደሆነ በአሥር ደቂቃ አሰላላችኋለሁ። ቡናው ደርሷል መሰለኝ።